ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው

በቫይድያር፣ በባህል ሐኪሙ በቻቱኩቲ የመድኃኒት ማብሰያ ቤት የማይጣስ አንድ ሕግ ነበር፤ ቅቤ እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ ማማሰያው ከሰው እጅ አይወጣም። የደከመው ይተካል፣ ማማሰያው ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ መሬት አይነካም። የተደቆሰው ሥርና ቅጠል ከነሐሱ ሰታቴ ቂጥ ላይ ትንሽ እንኳ ከተኛ ያራል፤ አንዴ ካረረ ደግሞ ሽታው ቅቤውን በሙሉ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት መሆኑ ይቀርና ለጋሪ ጎማ ማለስለሻ ይሆናል።

ሕጉ የተጣሰው ናኒኩቲ የወደቀች ቀን ነው።

ናኒኩቲ የዋናው አብሳይ የራሪቻን ልጅ ናት። የእሷ ሥራ ከምድጃው ርቃ፣ በረንዳው ጥግ ተቀምጣ ብራሚ የሚሉትን የረግረግ ቅጠል ማጠብና መደቆስ ነበር። ያን ቀን አባቷ ወገቡን ያዘውና ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ ማማሰያውን ሰጣት። ደስ ብሏት ተቀበለችው፤ ስታማስል ቆየችና ድንገት ወደቀች።

በኒላ ወንዝ ዳር የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እጁ ላይ ብረት ማስያዝ። ብረት ሲባል ደግሞ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ቁልፍ ፍለጋ ተነሣ። ቅጠል አጣቢዎቹ ወደ ጎተራው፣ እሳት የምታነደው ቺሩታ ወደ ቫይድያሩ መኖሪያ፣ አባቷ በዚያው በታመመ ወገቡ ወደ ዕቃ ቤት ሮጡ። ቺሩታ የቁልፍ ዘለላውን እያንሿሿች ስትመለስ ናኒኩቲ በራሷ ጊዜ ነቅታ፣ ተነሥታ ተቀምጣ፣ ምን ሆኜ ነው በሚል ዓይን ዙሪያዋን ታያለች። ሰታቴው ይጨሳል።

ያረረው ቅቤ ተራ ቅቤ አልነበረም። ከርሞ የተቀመጠ፣ እንደ ወርቅ የሚጠበቅ አሮጌ ቅቤ ነው፤ ይነጠር የነበረውም ለሚጥል በሽታ ነው። ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ኬላፓን ሻይ ቤት ደረሰ። ኬላፓን ሻዩን ከላይ ወደ ታች እያንቆረቆረ ሲቀዳ ምላሱም አብሮት የሚፈስ ሰው ነው። "ለመሆኑ" አለ፣ "የምትወድቅ ሴት ያማሰለችውን የመውደቅ መድኃኒት ማን ይገዛል? ራሰ በራ የጸጉር ቅባት ሲሸጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ሰዉ ሳቀ። አባባሉ አፍ ስለሞላ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ሕመሙ የጀመራት ትምህርት ቤት ሳለች ነው። በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ ስትሄድ ወድቃ ጭቃ ውኃ ውስጥ አገኟት። አስተማሪው ሌሎቹ ልጆች ይደነግጣሉ ብሎ ቤት አስቀራት። እናቷ መንደሩ ለሚያመልካቸው እባቦች ዛፍ ሥር ወተትና እርድ አቀረበች፣ አንገቷ ላይ ክር አሰረች፣ ጾመች፣ ልጅቷንም አስጾመቻት። በጾሙ ማግስት ከመቼውም ይበልጥ ወደቀች። ይኼኔ ራሪቻን እጇን ይዞ አሠሪው ዘንድ ወሰዳት።

ቫይድያር ቻቱኩቲ የእጇን ትርታ ካዳመጡ በኋላ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጠየቁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ከወደቀች በኋላ ስለሆነው ነው፤ አረፋው፣ መንፈራገጡ፣ ዓይኗ መገልበጡ። እሳቸው ግን "ከመውደቅሽ በፊት ምን ታያለሽ?" አሏት።

"ቢጫ" አለች። "ነገሩ ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ይመስለኛል። የግራ አውራ ጣቴንም ይነዝረኛል።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የጥንቶቹ መጻሕፍት ይህን በሽታ ማስታወስን ማጣት ይሉታል፤ ጥቁር የሚያየውን ከነፋስ፣ ነጭ የሚያየውን ከአክታ፣ ቢጫና ቀይ የሚያየውን ከሐሞት ይመድቡታል። የእሷ የሐሞት ነው አሉ። በዚያ ልክ አዘዙ፤ መጀመሪያ ሆድ የሚያጠራ፣ ቀጥሎ በአፍንጫ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ከዚያ በባዶ ሆድ የሚላስ የብራሚ ቅቤ። በርበሬና ኮምጣጣ ይቀነስ፣ ጾም ይቅር፣ እንቅልፍ አይጓደል፤ ከበሮው ቢጠራም የአምላክ በዓል ላይ አታንጋ። ይህን ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ በማግስቱ አውቶቡስ አሳፍረው ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ላኳት። ሐኪሙ ክኒን ሰጣት።

እናቷ ግራ ገባት። ሁለት መድኃኒት ሆድ ውስጥ አይጣላም ወይ፣ የትኛውን ልተው ብላ ጠየቀች።

"ክኒኑ የበሩ መቀርቀሪያ ነው" አሉ ቫይድያሩ። "የኛ ቅቤ ግድግዳውን ይለስናል። ግድግዳ እስኪለሰን ብለሽ መቀርቀሪያውን ነቅለሽ ትጥያለሽ?"

እናትየው አንዴ ነቅላ ጥላዋለች። ልጅቷ ብዙ ወራት ደህና ስትሆን፣ እባቦቹ ሰሙኝ ብላ ክኒኑን በድብቅ አስቆመቻት። ናኒኩቲ ከምንጣፍ መነሣት እስኪያቅታት ድረስ ተደራርቦ ጣላት። ቫይድያሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ መንደሩ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ክኒኑም ቅቤውም ተቋርጦ አያውቅም፤ ሳምንት በሳምንት ይጥላት የነበረው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ብቅ የሚል ሆነ። ሰዎች የትኛው እንደረዳት ሲከራከሩ እሷ አትገባበትም። አንዱን ትውጣለች፣ አንዱን ትልሳለች፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ግን መጽሐፉ አንድ ሌላ ነገር አለው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከዛፍና ከገደል ይጠበቅ ይላል። በኒላ ዳር ከነዚህ ርቆ የሚሠራ ሥራ የለም። ወንዱ ኮኮናት ዛፍ ላይ ነው፣ ሴቷ ኩሬና ምድጃ ላይ። ናኒኩቲን በረንዳው ጥግ ያስቀመጣት ይኸው ነው። እዚያ ሆና የአባቷን እጅ እያየች አደገች። እሳቱ መቼ እንደሚጎተት፣ ማማሰያው መቼ እንደሚከብድ፣ አረፋው መቼ እንደሚሟሽሽ ታውቃለች። የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አባቷ ሲያርፍ ያንን ማማሰያ መረከብ።

አሁን የራሪቻን ወገብ ጨርሶ እንቢ አለ። ቅቤው ካረረ ወዲህ ደግሞ ቫይድያሩ ከወንዙ ማዶ ሌላ አብሳይ ሊያመጡ ነው የሚል ወሬ አለ። አንድ ሰው ከተቀጠረ ልጁ ይተካዋል፣ የልጅ ልጁ ይተካዋል፤ ምድጃ እንደ ርስት ነው። ናኒኩቲ ዕድሜዋን በሙሉ ቅጠል ስታጥብ ልትኖር ነው።

አላለቀሰችም። እየደቆሰች ያን ቀን መልሳ መላልሳ አሰበችው፣ የተበላሸ ነገር የሚፈታ ሰው ብሎን በብሎን እንደሚፈታ። ቢጫው ሲመጣ ታስታውሳለች። አውራ ጣቷን ነዘራት። ከዚያስ? ከዚያ ዞር ብላ ማማሰያውን ለሆነ ሰው አቀበለች። ለማን? ተነሥታ ቺሩታ ዘንድ ሄደች።

ቺሩታ ምላሰ ስለታም፣ ቀኑን ሙሉ አፍ የሚያቀላ ቅጠልና የዘንባባ ፍሬ ስባሪ የምታኝክ፣ ጥርሷ የቀላ ሴት ናት። እሳቱን ከእሷ በቀር የሚነካ የለም።

"ቼቺ" አለቻት ናኒኩቲ፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት፤ "ያን ቀን ከመውደቄ በፊት ማማሰያውን ለማን ሰጠሁ?"

ቺሩታ ማኘኳን አቆመች። ቀዩን ምራቋን ራቅ አድርጋ ተፋች። "ለእኔ" አለች።

"አንቺስ?"

"እኔማ ጥዬው ሮጥኩ። ምን ላድርግ? ቁልፍ ማን ያምጣልሽ?"

"ቁልፉን ስታመጪ እኔ ምን እየሠራሁ ነበር?"

"ቁጭ ብለሽ ታፈጪብኛለሽ።" ቺሩታ ይህን ካለች በኋላ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። "አንቺ ልጅ" አለች፣ "ቅቤውን ያሳረርኩት እኔ ነኝ ልትዪኝ ነው የመጣሽው?"

"አንቺ አይደለሽም። ቁልፉ ነው።"

ናኒኩቲ ብልህነቷ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ብረት ምንም አይሠራም፣ ተዉት ብሎ ይሰብክ ነበር። ቫይድያሩ ራሳቸው ስንት ዘመን ብለው ሰሚ አላገኙም። ሰው ሲንፈራገጥ ያየ እጅ ባዶውን መቆም አይችልም፤ አንድ ነገር ካላደረገ ይፈነዳል። ስለዚህ ልማዱን ልታፈርስ አልተነሣችም። የፈረሰ ጎተራ የነበረውን፣ የሚከፍተው በር የሌለውን አሮጌ የብረት ቁልፍ ከእናቷ ለምና በጠንካራ ገመድ ወገቧ ላይ አሰረችው። ከዚያ ቫይድያሩ ፊት ቀረበች።

ማማሰያውን ስጡኝ አለች። ሽማግሌው መጽሐፉን ጠቀሱ። ከእሳት ይጠበቅ የሚለውን በቃላቸው አዜሙት።

"መጽሐፉ ጠብቋት ነው ያለው፣ ቫይድያር" አለች ናኒኩቲ። "አባርሯት አላለም።"

አባቷ በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማል። እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ቫይድያሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ እንዴት ነው የምትጠበቂው ብለው ጠየቁ።

ዘረዘረችላቸው። በእሷና በምድጃው መሐል ደረት የሚደርስ የቀርከሃ አጥር ይቆማል። የማማሰያው እጀታ ከዘንባባ እንጨት ተቀጥሎ ይረዝማል። የእሳቱ አፍ ወደ ውጭው ግድግዳ ይዞራል፣ ቺሩታ ከዚያ በኩል ታነዳለች። ከኋላዋ በጭድ የተሞላ ምንጣፍ ይነጠፋል። ብቻዋን አትቆምም፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ክንድ በሚደርስበት ይኖራል። ቢጫው ሲመጣ ማማሰያውን ሰጥታ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። ማማሰያ የያዘ ያማስላል። ሌላው በጎኗ ያስተኛታል፣ ከራሷ ሥር ጨርቅ ያደርጋል፤ አፏ ውስጥ ምንም አይከትም፣ እጅ እግሯን አይጫንም። ቁልፍ የሚሮጥለት የለም፤ ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው።

ቫይድያሩ ቁልፉን አዩት። መጀመሪያ ሆዳቸው ነው የተነቃነቀው፣ ከዚያ ትከሻቸው፤ ሽማግሌው ሳቁ። "ስንት ዘመን ተከራክሬ ያልነቀልኩትን ልማድ አስረሽ አመጣሽልኝ" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። አንድ ሰታቴ ታበስላለች፤ በደህና ከወጣ ማማሰያው የእሷ ነው፤ ካረረ ግን የወንዝ ማዶው ሰው ይመጣል፣ እሷም ሁለተኛ አትጠይቅም። ሰታቴው የሚጥል በሽታ ቅቤ እንዲሆን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ቅቤው ቀልጦ፣ የብራሚው ጭማቂና ድቁሱ ገብቶበት መብሰል ሲጀምር መንደሩ ሥራ ፈታ። አላፊ አግዳሚው በግቢው አጥር ቀዳዳ ያያል። ኬላፓን ሻይ ላድርስ ብሎ መጥቶ ብርጭቆዎቹ ባዶ ከሆኑ በኋላም አልሄደም። ራሪቻን በረንዳው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል፤ ጆሮው ግን ማማሰያው ላይ ነው። ይህ ሥራ ጥድፊያ አያውቅም። በዝግ ያለ እሳት ይፈላል፣ ይወርድና ያድራል፣ እንደገና ይጣዳል። ናኒኩቲ በሰዓቷ ክኒኗን ዋጠች፣ የሩዝ አጥሚቷን ጠጣች፣ ተኛች፤ ሌሊቱን ልቀመጥ አላለችም። ቺሩታ "ንግሥቲቱ ተኛች" ብላ አፌዘች፤ እሷው ግን መብራቱን ከፊቷ አነሣችላት።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃው አልቆ ድቁሱ መጠጠር ጀመረ። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው፤ ትንሽ ቀድመህ ካወረድከው ይሻግታል፣ ትንሽ ከዘገየህ ያራል። እሳቱ ተጎትቶ ቺሩታ ገብታ ከጎኗ ቆማለች፤ ናኒኩቲ ማማሰያውን ከሰታቴው ቂጥ ሳታነሣ ዙር ታዞራለች። ድንገት የሰታቴው ከንፈር ቢጫ ሆነ። ግድግዳው ቢጫ ሆነ። አውራ ጣቷን ነዘራት።

"ቼቺ፣ ያዢ" አለች።

ማማሰያውን በቺሩታ መዳፍ ውስጥ አደረገችው፣ ጣቶቿንም ጨመቀችባቸው። ወደ ኋላ ተራመደች፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም፤ የሚያወሩላት ሌሎች ናቸው።

የሚያወሩት ይህን ነው። ናኒኩቲ ስትወድቅ ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ሰው አንድ ላይ ጮኸ። ትንሿ ቅጠል አጣቢ እቃዋን ጥላ ወደ መኖሪያ ቤቱ ዞረች። የቺሩታም ቀኝ እግር ተነሣ፤ እግሬ የእኔ አልነበረም ትላለች ሲያጫውቷት። ግን እጇ ማማሰያው ላይ ነው። እግሯን መልሳ መሬት ላይ ረገጠችና በምድጃ ያደገ ድምጿን ለቀቀችው፤ "የት ትሮጫለሽ? ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው! ነይ በጎኗ አስተኚያት!" ልጅቷ ተመለሰች። በጎኗ አስተኛቻት፣ ነጠላዋን ከራሷ ሥር አደረገች፣ ቁልፉን አንሥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት፤ ያን ጊዜ የልጅቷ እጅ ሥራ አገኘ፣ እሷም ተረጋጋች። አጥሩ ጋ አንዱ አፏ ውስጥ ማንኪያ ክተቱ ሲል ራሪቻን ከተጋደመበት "ዝም በል፣ አንተ" አለው። ቫይድያሩ አልተንቀሳቀሱም። የቺሩታ ክንድ ዙር ይዞራል። ላቧ አገጯ ላይ ደርሶ ወደ ሰታቴው እንዳይንጠባጠብ አንገቷን ወደ ጎን አጣማ ታማስላለች።

ናኒኩቲ ስትነቃ መጀመሪያ ስሟን ነገሯት። ቀጥሎ የት እንዳለች። ትንሽ ቆይታ ዓይኗ ጠራ።

"ቅቤውስ?"

"በእጄ ነው" አለች ቺሩታ ሳትዞር። "ክንዴን ግን ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትቀልቢዋለሽ።"

ለመነሣት ብትሞክር ቫይድያሩ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት። ከድቁሱ ቀንሰው ያመጡላታል እንጂ እሷ ወደ ሰታቴው አትሄድም። አረፋው እየሟሸሸ ነው፣ የብራሚው ሽታ ከቅቤው ሽታ በላይ ወጥቷል። ልጅቷ ከድቁሱ ጥቂት በቅጠል ላይ አምጥታ ሰጠቻት። ናኒኩቲ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መካከል አንከባለለችው። ድቁሱ ሳይሰበር፣ ጣት ሳይዝ፣ እንደ ጧፍ ረዘመ። አባቷ እንዳሳያት ነው፤ አሁን የቀረው እሳት ላይ ማድረግና መስማት ብቻ ነው። ውስጡ ውኃ ካለ ይንጣጣል። ከተንጣጣ ያልበሰለ ነው።

ቺሩታ ማማሰያውን ለልጅቷ አቀብላ ከምድጃው ፍም ጫረችና ፊቷ አቀረበችላት። ናኒኩቲ ድቁሱን ፍሙ ላይ አደረገችው።

ግቢው በሙሉ ጆሮውን ሰጠ። ኬላፓን እንኳ ብርጭቆዎቹን ደረቱ ላይ አቅፎ እንዳይጋጩ ያዛቸው። እሳቱ ድቁሱን ያዘው፤ ቀጥ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እስከ ጫፉ ነደደ።

"አውርዱት" አለች።

በደስታ የጮኸው ራሪቻን ነው። በዚያ ወገቡ ከበረንዳው ተነሥቶ፣ ሞሌ፣ ልጄ፣ ልጄ እያለ መጣ። ቅቤው በጨርቅ ሲጠለል እንደ አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወረደ፤ የማረር ሽታ የለው፣ የመሻገት የለው። ቫይድያሩ በጣታቸው ቀመሱት። ከዚያ ረጅሙን ማማሰያ አስጠርገው፣ አስታጥበው፣ በሁለት እጃቸው ለናኒኩቲ ሰጧት። ለራሪቻን እንኳ የሰጡት በአንድ እጃቸው ነበር።

የወንዝ ማዶው ሰው አልተጠራም። የቀርከሃው አጥር እስከ ዛሬ አለ፤ ቀርከሃው ሲበሰብስ ይለወጣል። ከዚያ ወዲህም አልፎ አልፎ ወድቃለች፣ ሰታቴ ግን አላረረም። እናቶች የሚወድቁ ልጆቻቸውን ይዘው ቫይድያሩ ዘንድ ሲመጡ፣ ሽማግሌው ከመድኃኒቱ በፊት ወደ ማብሰያ ቤቱ ይልኳቸዋል፤ ሄዳችሁ ስትሠራ እዩአት ይላሉ።

ኬላፓንም መጣ። የልጁን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ፣ ምላሱን ቤት ትቶ መጣ። ትንሹ መውደቅ ጀምሮታል። ቺሩታ ገና ከበር ስታየው "የራሰ በራዋን ቅባት ፈልገህ ነው?" አለችው። እሱም አዎ፣ ናኒኩቲ ያበሰለችውን ነው የምፈልገው አለ፤ አንገቱን ደፍቶ።

ናኒኩቲ ማማሰያዋን ለረዳቷ አቀበለችና ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች። ከመውደቅህ በፊት ምን ታያለህ አለችው። ልጁ አሰበና ነጭ፣ እንደ ወተት አላት። ይህንኑ ለቫይድያር ንገራቸው አለችው። ከዚያ ወደ አያትየው ዞራ ልጁን ሆስፒታል ወስዳችሁታል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ክኒኑ ተሰጥቶታል፣ ግን ቅቤው ሲጀመር እናስቆመዋለን ብለን ነበር አለ። የመቀርቀሪያውን ምሳሌ ነገረችው፣ ቫይድያሩ ለእናቷ እንደነገሯት አድርጋ።

"ሲወድቅስ ቤታችሁ ማን ይሮጣል?"

"ሁላችንም" አለ ኬላፓን። "ቁልፍ ፍለጋ።"

"ልጁስ?"

ኬላፓን ዞሮ ልጁን አየው።

ናኒኩቲ ከግድግዳው ምስማር ላይ ከተንጠለጠሉት አሮጌ ቁልፎች አንዱን አወረደች፤ እንዲህ ላለው ቀን ከየፈረሰው ቤት ትለቅማቸዋለች። ገመድ አስገብታ በልጁ ወገብ ላይ አሰረችው፣ ቋጠሮውን ሁለቴ ጎትታ ሞከረችው።

"አሁን" አለች፣ "አንዱ አጠገቡ ይቀመጥ።"

ይህን ብላ ወደ ሰታቴዋ ተመለሰች፣ ማማሰያውን ከረዳቷ እጅ ተቀበለች።